መታጠቢያ ቤቱ የጋራ ነው

ውጭ አገር ማደሪያ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ አንዲት መስመር ላይ ሲደርስ ያቆማል። «መታጠቢያ ቤቱ የጋራ ነው» የምትለዋ ላይ። አልጋው ንጹሕ ቢሆን፣ ሰፈሩ ቢያምር፣ ዋጋው ቢረክስ፣ ያቺን ካየ በቃ፣ ወደ ሌላ ያልፋል። እኔ አላልፍም። እንዲያውም ቤቱ ትንሽ ከሆነና ባለቤቱ እዚያው የሚኖር ከሆነ የጋራውን እመርጣለሁ። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ነው ይህን የምጽፈው።

ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ የሚመጣላቸው ገንዘብ ነው። «ቸግሮሽ ነው እንዴ? ትንሽ ጨመር አድርገሽ የራስሽን አትይዢም?» ይሉኛል። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። እዚህ ካለነው አበሾች ብዙዎቻችን የጋራ ሻወርን የምናውቀው ከሃይም ነው። ሃይም ጥገኝነት የጠየቀ ሰው የሚገባበት መጠለያ ነው፤ ሻወሩ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው። ከማን ጋር እንደምትጋራው አንተ አትመርጥም፤ መቼ ከዚያ እንደምትወጣም አታውቅም። ከዚያ ወጥቶ የራሱን ቤት ያገኘ ሰው፣ አንድ ክፍልም ብትሆን፣ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ያለ ወረፋ የታጠበበትን ቀን አይረሳም። እንዲህ ያለ ሰው በገዛ ገንዘቡ ለእረፍት ሄዶ እንደገና ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ ኮሪደር ላይ መቆም ባይፈልግ አልፈርድበትም።

ግን የጋራ የሆነ ሁሉ አንድ አይደለም። ይህን በደንብ የተረዳሁት ትብሊሲ ነው።

ትብሊሲ፣ የጆርጂያ ዋና ከተማ፣ ሶሎላኪ የሚባል ሰፈር አላት። ከናሪቃላ ምሽግ ኮረብታ ግርጌ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሀብታም ነጋዴዎች፣ ብዙዎቹ አርመኖች፣ ቤት የሠሩበት ሰፈር ነው። አንዳንዱ መግቢያ ጣሪያው ላይ ሥዕል አለው፣ ደረጃው እብነ በረድ ነው። ቀለሙ ግን ተልጧል፤ ግድግዳው ተሰንጥቆ በብረት ተደግፎ የቆመ ቤትም አለ። ከመንገድ በኩል ታላቅ ሕንፃ የሚመስለው፣ በቅስቱ በር ሲገባ ግቢ ይሆናል። ዙሪያውን የእንጨት ሰገነት፣ ከሰገነት ሰገነት የተዘረጋ የልብስ ገመድ፣ አንድ የወይን ሐረግ፣ መሐል ላይ የውሃ ቧንቧ። እዚያ ያሉ ሰዎች «የጣሊያን ግቢ» ይሉታል። ስገባ አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ምንጣፍ ታጥባለች፣ ሌላዋ ከላይ ሆና ታዋራታለች። ደስ አለኝ። ሰፈር የገባሁ መሰለኝ።

የማደሪያው ባለቤት ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ መምህርት ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በሶቪየት ዘመን ትምህርት ቤት የተማሩት ጀርመንኛ እስካሁን ስላልጠፋባቸው በሱ ተግባባን። ለእንግዳ የሚያከራዩት ሦስት ክፍል ነው፤ አራተኛው የራሳቸው ነው። ሁሉም በር ወደ ሰገነቱ ይከፈታል። መታጠቢያ ቤቱ ሰገነቱ መጨረሻ ላይ ነው፣ ሽንት ቤቱ ደግሞ ከጎኑ ለብቻው። ይህ ሁለቱን መለየት ትልቅ ነገር ነው። አንዱ ሲታጠብ ሌላው በር ላይ አይሰቃይም። የጋራ ቤት የምትይዙ ከሆነ ከምንም በላይ ይህን ጠይቁ።

አንድ ጠዋት ቡና ይዘን ሰገነቱ ላይ ተቀምጠን፣ ይህ ግቢ እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደቻለ ጠየቅኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1921 ቀይ ጦር ጆርጂያ ገባ። የነጋዴዎቹ ቤቶች ተወረሱ። አንድ ቤተሰብ ይኖርበት የነበረው ቤት በየክፍሉ ተከፋፍሎ ለብዙ ቤተሰብ ተሰጠ። ሳሎኑ ለአንዱ፣ መኝታ ቤቱ ለሌላው፣ መሐሉ ላይ በጣውላ ግድግዳ ተመትቶ ደግሞ ለሦስተኛው። ወጥ ቤቱ አንድ፣ ሽንት ቤቱ አንድ። እሳቸው የተወለዱት እዚያው ነው። ልጅ ሳሉ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ አምፖልና የራሱ ማብሪያ ነበረው አሉኝ፤ የመብራት ሒሳብ እንዳይቀላቀል። የሽንት ቤት መቀመጫውንም እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ምስማር ላይ ይሰቅል ነበር፣ ሲገባ ይዞ ይገባል፣ ሲወጣ ይዞ ይወጣል። ይህን ሲነግሩኝ አልሳቁም። እኔም አልሳቅኩም። ምክንያቱም ታሪኩን አውቀዋለሁ።

ያደግኩት ፒያሳ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርሃዊ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ ሄደ። ከዚያ በኋላ የተወለድን የአዲስ አበባ ልጆች ስንቶቻችን በዚህ አዋጅ ግቢ ውስጥ እንዳደግን አስቡት። አንድ በር፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ጉድጓድ ሽንት ቤት። ቁልፉ የእነ እገሌ በር ላይ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። ማጽዳት በተራ ነው፣ ጉድጓዱ ሲሞላ ማስመጠጥ በመዋጮ ነው። ተራው ይረሳል፣ መዋጮው ይጎድላል፣ ጠቡ ይመጣል። ማታ ማታ እናቴ ባትሪ ይዛ ውጭ ትቆምልኝ ነበር፣ ሴት ልጅ ብቻዋን አትሄድም። ክረምት ሲሆን ደግሞ ፖፖ አለ። ይህን ሕይወት «ፍቅር ነበር፣ አብሮነት ነበር» ብለው ብቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ፍቅሩ እውነት ነው፣ ቡናው እውነት ነው፣ የታመመ የማይረሳበት ግቢ መሆኑም እውነት ነው። ሽንት ቤቱ ግን መከራ ነበር። ሁለቱም ይጻፍ።

ትብሊሲ ሆኜ እናቴን በቪዲዮ ደወልኩላት። አሁን ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፣ የራሷ ሽንት ቤት አላት፣ በየቀኑ በበረኪና ታጥበዋለች። የእንጨቱን ሰገነት አሳየኋት፣ ወይኑን አሳየኋት፣ ከዚያ መታጠቢያ ቤቱን። ነጭ ሸክላው የቆየ ነው ግን ያበራል። መስኮቱ ወደ ግቢው ይከፈታል። ዝም ብላ አየችውና «ማን ነው የሚያጸዳው?» አለችኝ።

ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ከዚያ በኋላ ያሰብኩት ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የመጣ ነው።

የቀበሌው ግቢ ሽንት ቤት የሁላችንም ነበር፣ ስለዚህ የማንም አልነበረም። ተከራዩ በራሱ ፈቃድ አፍርሶ አይሠራውም፤ ቤቱ የመንግሥት ነው። ቀበሌውም ከዚያች ኪራይ ምን አውጥቶ ያድሰዋል? ሰዎቹ ቆሻሻ ስለሆኑ አይደለም። የእናቴን ቤት ያየ ሰው ወለሏ ላይ እንጀራ ያስቀምጣል። ግን የክፍሏ ንጽሕና ደጃፏ ላይ ያበቃል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው በተራና በመዋጮ ነው፣ አንድ ሰው ከተወው ሁሉም ይተወዋል። ሶሎላኪ ያሉት መምህርትም ያደጉት እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ጆርጂያ ነጻ ከወጣች በኋላ ቤቶቹ ለነዋሪዎቹ ተሰጡ። የእሳቸው ቤተሰብ የራሱን ክፍል አገኘ፣ ቀስ በቀስ ደግሞ ከሄዱ ጎረቤቶች ሌሎቹን ገዙ። መጀመሪያ ያሳደሱት መታጠቢያ ቤቱን ነው። እንግዳ ከማስገባታቸው በፊት፣ ጣሪያው ሳይቀር እያፈሰሰ። አልገረመኝም።

አሁን ያ መታጠቢያ ቤት ባለቤት አለው። ጠዋት እንግዶች ከወጡ በኋላ ይታጠባል፣ ማታ ደግሞ ይወለወላል። በሩ ላይ ነጠላ ጫማ አለ፤ እርጥብ እግር ሰገነቱ ላይ እንዳያንሸራትት። ከውስጥ የሚቆለፈው ብረት ጠንካራ ነው፣ ለዕይታ የተለጠፈ አይደለም። ልብስ መስቀያው ብዙ ነው፤ የጋራ ሻወር ክፉው ነገር ደረቅ ልብስ የሚቀመጥበት ማጣት ስለሆነ። ታጥቦ የወጣ ሰው መስኮቱን ይከፍታል፣ ፀጉሩን ከማፍሰሻው ላይ ያነሳል። ይህን ማንም ወረቀት ላይ አልጻፈውም። ገብቶ ንጹሕ ሆኖ ያገኘው ሰው ቆሻሻ አድርጎት መውጣት ያፍራል፣ እንደዚያ ነው የሚሠራው። የጋዝ ቦይለሩ አንድ ስለሆነ ወጥ ቤት ሙቅ ውሃ ሲከፈት ሻወሩ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ መምህርቷ ዕቃ ከማጠባቸው በፊት ሰገነቱ ላይ ወጥተው ሻወር ቤቱን ያዳምጣሉ። ውሃ ከሰሙ ተመልሰው ይቀመጣሉ። የማላውቃቸው ሰው፣ እኔ ሙቅ ውሃ እንዳላጣ፣ ዕቃቸውን ሳያጥቡ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል። በየትኛውም ሆቴል እንዲህ ዓይነት ነገር አግኝቼ አላውቅም።

ለዚህም ነው የምመርጠው። የራሱ ሻወር ያለው ክፍል ስይዝ ሰው አላይም። ካርዱን እወስዳለሁ፣ እገባለሁ፣ እታጠባለሁ፣ እወጣለሁ። ፎቁ ላይ ሌላ ሰው እንዳለ የማውቀው በግድግዳው በኩል ቴሌቪዥን ስሰማ ነው። ሰገነቱ ላይ ግን ከኢራን፣ ከታብሪዝ ከተማ፣ በአርመን በኩል በአውቶቡስ ከመጡ እናትና ልጅ ጋር ተዋወቅን። መጀመሪያ የተዋወቅነው ፎጣ ይዘን ወረፋ ስንጠብቅ ነው። ልጅቷ እንግሊዝኛ ትችላለች፣ እናትየዋ ምንም። ፀጉሬን ታጥቤ ፀሐይ ላይ ስቀመጥ እናትየዋ መጥታ በምልክት «ልንካው?» አለችኝ። ፈቀድኩላት። ከዚያ ሹሩባ እንዴት እንደሚሠራ በልጇ ፀጉር ላይ አሳየኋት፣ ለመያዝ አስቸጋሪ ለስላሳ ፀጉር ነው፣ ግን ጥቂት መስመር አወጣሁ። በማግሥቱ ጠዋት ልጅቷ ሳትፈታው ሙዚየም ሄደች። ስለ አገራቸው የነገሩኝን እዚህ አልጽፍም፣ የእነሱ ነው። በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ግን ብዙ ነገር ያወራል።

የሄድኩት በዐቢይ ጾም ነው። ጆርጂያውያን ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ገናን እንደኛው እ.ኤ.አ. ጥር 7 ያከብራሉ፣ ፋሲካችንም አንድ ቀን ይውላል። ጾሙን ግን እኛ አንድ ሳምንት ቀድመን እንጀምራለን። መምህርቷ እንደምጾም ሲያውቁ ፊታቸው በራ። «ቀድማችሁ? ለምን?» አሉኝ። ስለ ጾመ ሕርቃል፣ ስለዚያች የመጀመሪያ ሳምንት ጾም፣ የማውቀውን ያህል ነገርኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁርሴ ተቀየረ። አይብና እንቁላሉ ቀርቶ በሸክላ የተቀቀለ ቦሎቄ መጣ፣ በሽንኩርትና በድንብላል ቅጠል፣ ከበቆሎ ቂጣ ጋር። ሎቢዮ ይሉታል። እኔም ሻንጣዬ ውስጥ ሽሮ ነበረኝ፤ የትም ስሄድ እይዛለሁ። ወጥ ቤቱም የጋራ ስለሆነ አንድ ማታ ሠራሁት። ቁሌቱ ሲሸት ታች ግቢ ያሉት ሴቶች ቀና ብለው ምን እንደሆነ ጠየቁ። መምህርቷ ከሰገነቱ ላይ ሆነው መልሰውላቸዋል፣ ምን እንዳሉ አልገባኝም፣ ግን ሁለቱ ሴቶች ማንኪያ ይዘው ወጡ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። መምህርቷ ራሳቸው በደንብ መታጠብ የሚፈልጉ ቀን ቤታቸው አይታጠቡም። አባኖቱባኒ ይወርዳሉ። ከሶሎላኪ በእግር ቅርብ ነው። የድኝ ፍል ውሃ የሚወጣበት፣ ከመሬት በላይ የጡብ ጉልላቶች ብቻ የሚታዩበት ሰፈር ነው። አፈ ታሪኩ እንደሚለው በ5ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ቫክታንግ ጎርጋሳሊ ለአደን ሲወጣ ጭልፊቱና ያደነችው ወፍ ፍል ውሃ ውስጥ ወድቀው አገኘ፤ ከተማዋን እዚያ እንድትሠራ ያዘዘው በዚህ ነው። በሰዓት የሚከራይ የግል ክፍል አለ፣ ቱሪስቱ እሱን ይይዛል። መምህርቷ ግን «የሴቶቹ አዳራሽ ግቢ» አሉኝ። ገባሁ። ሁሉም ያለ ልብስ ነው። ለእኛ ይከብዳል፣ እውነቱን ነው። ትንሽ ቆይቶ ግን ማንም ማንንም እንደማያይ ይገባል። አሮጊቶች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ፣ ልጅ እናቷን ጀርባዋን ታጥባለች። መኪሴ የምትባለው አጣቢ ሻካራ ጓንት አጥልቃ ትፈትጋለች፣ ከዚያ በሳሙና አረፋ ትሸፍናለች፣ ባልዲ ሙሉ ሙቅ ውሃ ትደፋለች። በድሮ ጊዜ እናቶች ለወንድ ልጆቻቸው ሚስት የሚመርጡት እዚያ ነበር ይባላል።

እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት አዲስ አበባን ነው። የእኛም ከተማ የተቆረቆረችው በፍል ውሃ ምክንያት ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ያሠሩት በ1879 ዓ.ም. ነው፤ መኳንንቱ ተከተሏቸው፣ ከተማው ተከተለ። ልጅ ሆኜ የበዓል ዋዜማ ፍልውሃ እንሄድ ነበር። ቲኬት ተቆርጦ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ወረፋ ተጠብቆ፣ ስም ሲጠራ ተገብቶ። ጎረቤት ሁሉ እዚያ ይገናኛል። ቤቱ ውስጥ ሻወር የሌለው ሰው ብዙ ነበር፣ ግን ፍልውሃ የሚሄደው እሱ ብቻ አልነበረም፤ ሀብታሙም ይመጣል፣ ወገቡን የሚያመው ሁሉ ይመጣል። እኛ አሁን የጋራ መታጠቢያን ከድህነት ጋር ብቻ አያይዘን የምናይበት ዐይን ትንሽ የጠበበ ይመስለኛል። ድህነቱ መጋራቱ አይደለም። ባለቤት ማጣቱ ነው፣ መብራት ማጣቱ ነው፣ ማታ ሴት ልጅ የምትፈራበት መንገድ መሆኑ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ ያሉ ብዙ ሰፈሮች ፈርሰዋል። ያ ጉድጓድ ሽንት ቤት በመፍረሱ ማንም አያለቅስም። የቧንቧው ዙሪያ ወሬ ግን የት ሄዶ ይሰፍራል? ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ሰው ሰላምታ ብቻ ተለዋውጦ ያልፋል ትላለች እናቴ።

ለሁሉም ሰው ይሁን አልልም። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሌሊት በቀዝቃዛ ሰገነት ላይ እንዲሄድ አይመከርም። ሆዱ የታወከ ሰው፣ ትንሽ ልጅ የያዘች እናት፣ ነፍሰ ጡር፣ እነዚህ የራሳቸውን ይያዙ፣ ገንዘቡ ይገባዋል። ብቻዋን የምትጓዝ ሴት ደግሞ ከዋጋው በፊት ቁልፉን ትጠይቅ። እኔ የሌሎች ሴቶችን አስተያየት ሳላነብ የትም አልይዝም። አንድ ከተማ ውስጥ፣ አገሩን አልጠራም፣ የሻወር ቤቱ በር ከላይ ክፍት የሆነና ኮሪደሩ ላይ መብራት የሌለው ቤት ደርሼ ሳልገባ ተመልሻለሁ፣ የከፈልኩትም አልተመለሰልኝም። ያ ማደሪያ ሃያ የሚሆን ክፍል በሁለት ሻወር ነበር፣ ባለቤቱም እዚያ አይኖርም። የሚጸዳው በሳምንት አንዴ መሆኑ ያስታውቃል። ርካሽ ነው ተብሎ እንዲህ ዓይነቱ ከሶሎላኪው ጋር በአንድ ስም መጠራቱ ያናድደኛል።

ለሰኔ ያሰብኩት ሜስቲያ ነው። እዚያው ጆርጂያ ውስጥ፣ ስቫኔቲ በሚባለው ተራራማ አገር፣ ቤተሰቦች ጥንት የድንጋይ ግንብ የሠሩበት ከተማ። ብዙ ቤተሰብ ለእንግዳ ክፍል ያከራያል፣ እራትም ያበላል። ያገኘሁት ቤት መስመሯ ነበረችው፣ «መታጠቢያ ቤቱ የጋራ ነው» ይላል። ጻፍኩላቸው። ስንት ክፍል ነው የሚጋራው? ኮሪደሩ ማታ መብራት አለው? ማን ነው የሚያጸዳው? መልሱ የመጣው በማግሥቱ ነው። አራት ክፍል፣ ሁለት መታጠቢያ ቤት። መብራቱ ሰው ሲያልፍ ራሱ ይበራል። «የማጸዳው እኔ ነኝ፣ እናቴ ደግሞ ትቆጣጠረኛለች» ብላ ጽፋለች፤ ከዚያ የሐዋርያት ጾም ስለሚሆን የምጾም ከሆነ አስቀድሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ። እጾማለሁ ብዬ መለስኩላት፣ ክፍሉንም ያዝኩ።